የጫጩቷ ስንቅ

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከኬጂ አንድ ወረቀት ቀለም ቀብታ አመጣች። ወረቀቱ ላይ እንቁላል አለ። ከእንቁላሉ ቀስት ወጥቶ ወደ ጫጩት ይሄዳል፣ ከጫጩቷ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮዋ ተመልሶ ወደ እንቁላል። ዶሮዋን ሐምራዊ ቀብታታለች። ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

በማግስቱ ጠዋት እንቁላል ስጠብስ ወንበር ላይ ወጥታ መጥበሻውን አየችና «እማዬ፣ ጫጩቷስ የት አለች?» አለችኝ።

ቸኩዬ ነበር። የሥራ ሰዓት ደርሷል። «ይሄ ሌላ ዓይነት እንቁላል ነው፣ ጫጩት የለውም፣ ብዪ» አልኳት። ዝም ብላ በላች። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ያልኳት ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ዝም ለማሰኘት የተባለ ነው፤ ልጅ ደግሞ ሁለቱን አትለይም፣ የነገርናትን እንዳለ ነው የምትወስደው። ማታ ላይ ወሰንኩ። ስለ ዶሮ የምትጠይቀኝን ሁሉ የማውቀውን ያህል እንዳለ ልነግራት። የሚያሳዝነው ሳይቀር።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ እንቁላል ነጭ ሳህን ላይ ሰበርን።

እሷ ጫጩት የሚሆነው አስኳሉ ይመስላት ነበር። ጫጩቷም ቢጫ፣ አስኳሉም ቢጫ። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ግን አይደለም። ጫጩቷ የምትጀምረው አስኳሉ ላይ ካለች አንዲት ነጭ ነጥብ ነው፣ ከምስር ፍሬ ከማትበልጥ ነጥብ። ልጄ አፍንጫዋ ሳህኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ ፈለገቻት። መጀመሪያ አልታየችንም። አስኳሉን በማንኪያ ቀስ አድርገን ዞር ስናደርገው ብቅ አለች።

«ይቺ ናት ጫጩቷ?»

«ልትሆን የምትችለው እሷ ናት። ይቺኛዋ ግን አትሆንም።»

«ለምን?»

አብዛኞቻችን የምንሸሸው እዚህ ጋ ነው። እኔም ልቤ ትንሽ መታ። ዶሮ ያለ አውራ ዶሮም እንቁላል እንደምትጥል ነገርኳት። ጫጩት ለመሆን ግን ከእናት የሚመጣ ግማሽ አለ፣ ከአባት የሚመጣ ግማሽ አለ፤ ሁለቱ የሚገናኙት እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳያበጅ፣ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ እያለ ነው። ከተገናኙ ነጥቧ ዙሪያዋን ቀለበት ታወጣለች፣ ክብ ውስጥ ክብ ትሆናለች። ካልተገናኙ እንዲሁ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ሰምታ ሲበቃት ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ልጅ የሚጠይቀው የሚችለውን ያህል ነው። እኛ ነን ገና ያልተጠየቅነውን ፈርተን የተጠየቅነውን የምንደብቀው።

«አስኳሉስ ታዲያ ምንድነው?»

«ስንቋ ነው» አልኳት።

ቃሉ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እሷ ግን ወዲያው ያዘችው። «ምሳ ዕቃዋ ነዋ!» አለች።

ልክ ናት። ቅርፊቱ ውስጥ ለገባች ጫጩት ከውጭ ምግብ የሚያቀብላት የለም። ከእናቷ የምታገኘው ሙቀት ነው። አየር ደግሞ ዓይን በማያያቸው በሺዎች በሚቆጠሩ የቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይገባላታል። የቀረው ሁሉ፣ ምግቡም ውሃውም፣ ከመጀመሪያው አብሯት ታሽጓል። ነጩ ሳይቀር ውሃዋና ትራሷ ነው። በአስኳሉ ግራና ቀኝ ያሉትን የተጠማዘዙ ነጫጭ ክሮች ብዙ ሰው ጫጩት መሆን የጀመረ ነገር እየመሰለው በማንኪያ አውጥቶ ይጥላቸዋል። አስኳሉን መሃል ላይ የሚይዙ ገመዶች ናቸው። ልጄ በጣቷ ነክታ «ስንቁ እንዳይወድቅ» አለች።

ከሳምንታት በኋላ ቀይዋ ዶሯችን ጠባይዋ ተለወጠ። ጎጆዋ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እጄን ስዘረጋ ላባዋን ነፋ አድርጋ ትቆጣለች። ልትታቀፍ ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ በአጥሩ ሥር እየሾለከ ይመጣ ስለነበር እንቁላሎቹ አባት አላቸው። 9 እንቁላል አስታቀፍናት። ልጄ በእርሳስ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ጻፈችባቸው፣ 7ን ወደ ግራ አዙራ።

ቁጥሩን ጽፋ እንደጨረሰች የጠየቀችኝ ጥያቄ እስካሁን ይገርመኛል። «መጀመሪያ የጣለችው መጀመሪያ ይወጣል?»

ጥሩ ዶሮ አንድ እንቁላል ሠርታ ለመጣል 25 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ለቅርፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያውና በዘጠነኛው እንቁላል መካከል ከሳምንት በላይ ልዩነት አለ። ሁሉም ግን የሚፈለፈሉት አንድ ሰሞን ነው። እንዴት? ነጥቧ ከእናቷ ሆድ ወጥታ ስትቀዘቅዝ ማደጓን ታቆማለች። አልሞተችም፣ አላደገችም፣ ትጠብቃለች። ዶሮዋ እንቁላሎቿ ሲበቋት ትቀመጥና ታሞቃቸዋለች፣ 37 ተኩል ዲግሪ ገደማ። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ።

ይህንን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ታላላቆቹ ታናናሾቹን ይጠብቋቸዋል» አለች። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልነግራት አልችልም ነበር።

21 ባቄላ ቆጥረን ብርጭቆ ውስጥ ጨመርን። ማታ ማታ አንድ ባቄላ ወደ ሌላ ብርጭቆ ታዛውራለች። የቀን አቆጣጠር ለአምስት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም፣ «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ማለት «መቼም» ማለት ነው። የሚጎድል ብርጭቆና የሚሞላ ብርጭቆ ግን ይገባታል።

ዶሮዋን ማየት ራሱ ትምህርት ነው። በቀን አንዴ ወጥታ ጥራጥሬዋን ለቃቅማ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አፈር ላይ ተንከባላ ቶሎ ትመለሳለች። ከሆዷ ሥር ላባዋ ይረግፋል፣ ቆዳዋ ራሱ እንቁላሉን እንዲነካው። በምንቃሯ እንቁላሎቹን ወደ ራሷ እየሳበች ታገላብጣቸዋለች። ልጄ ይሄንን አላመነችኝም። 3 ቁጥር ላይ በአንድ ጎኑ የኤክስ ምልክት አደረግንና ጠዋት ወደ ላይ አድርገን ተውነው። ማታ ዶሮዋ ለምግብ ስትነሳ ሮጠን አየን፤ ኤክሱ የለም። ወደ ታች ዞሯል። ፊቷን ብታዩት! ካልተገላበጠ በውስጡ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ሊጣበቅ ይችላል። እናትየዋ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጠፋን። የስልኬን ባትሪ አበራሁና የእንቁላሉን ወፈር ያለ ጫፍ መብራቱ ላይ አስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው እንቁላል ብርቱካናማ ሆኖ በራ። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ ሥር ተዘርግቷል፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ልጄ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። «አየችኝ» አለች በሹክሹክታ። ጥቁሯ ነጥብ ዓይኗ ነው፤ የዶሮ ፅንስ ዓይን ከገላዋ አንፃር በጣም ትልቅ ስለሆነ ነው ቀድሞ የሚታየው። ልቧ ከዚያ በፊት፣ ገና ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ፣ መምታት ጀምሯል። ይህንን ሰው ካወቀው ቆይቷል። የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል በማደግ ላይ ያለውን እንቁላል ተመልክቶ፣ ልቡ እንደ ደም ነጥብ ሆኖ ሲመታ እንደሚታይ ጽፏል። እኛ ሳንሰብር በስልክ ባትሪ አየነው።

4 ቁጥር ግን ባዶ ነበር። ጥርት ብሎ በራ፣ ሥር የለም፣ ነጥብ የለም። ሳህኑ ላይ ያየችው ስለነበር ብዙ አላስቸገረችኝም። «ይሄ አባቱን አላገኘም» አለች። አወጣነው። 8 ቀሩ።

«መቼ ነው የሚወጡት?» ስትለኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት፣ እንደ ልማድ። ቆም አለች። «እግር አለው?» ለካ ይህን ተረት ሰምታው አታውቅም። አለው አልኳት። በ4ኛው ቀን ገደማ ክንፍና እግር የሚሆኑት እብጠቶች ብቅ ይላሉ፣ እስከ ዛሬ ጣት ማውጣት ጀምረው ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ተረት ቃል በቃል እውነት መሆኑን ያሰብኩት ያን ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ብዙ የሚነገር የላቸውም። ባቄላው ይዛወራል። ልጄ ለተወሰነ ጊዜ ነገሩን ረስታው በብስክሌት ተያዘች። አልጎተጎትኳትም። 18ኛው ላይ ራሷ ተመለሰች፣ ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ባቄላ ብቻ መቅረቱን አይታ።

በ20ኛው ቀን ማታ ዶሮዋ በዝቅተኛ ድምፅ ታወራ ነበር። ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ። ጆሯችንን ስናስጠጋ ከሥሯ ጪው የሚል ድምፅ መለሰላት። ቅርፊቱ ገና አልተሰነጠቀም። እንዴት ትጮኻለች? በእንቁላሉ ወፈር ያለ ጫፍ በኩል ትንሽ የአየር ክፍል አለች። ጫጩቷ መጀመሪያ የምትበሳው ወደዚያች ክፍል ነው፤ በሳንባዋ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የምትስበው እዚያ ነው። ድምፅ የሚኖራትም ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ አፏን ወደ ጎጆው አስጠግታ «እኛም እዚህ ነን» አለቻቸው።

ጠዋት 2 ቁጥር ላይ የኮከብ ቅርፅ ያለው ስንጥቅ ነበር። ከስንጥቁ መሃል ትንሽዬ ቁራጭ ቅርፊት ከፍ ዝቅ ትላለች። ትንፋሽ ነው። ከዚያ ምንቃሯ ታየ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ሾጣጣ ነገር ያለው። ያቺ ሾጣጣ ቅርፊት መስበሪያ ናት፤ ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ትበቅላለች፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ትወድቃለች። ቅርፊቱም ያን ያህል ጠንካራ አይደለም አሁን፣ ምክንያቱም ጫጩቷ አጥንቷን የሠራችው ከቅርፊቱ በወሰደችው ካልሲየም ነው። ቤቷን ከውስጥ እየሸረሸረች ነው ያደገችው።

ከዚያ ቆመች። አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት። ምንም የለም።

«ደክሟታል እማዬ። እንርዳት።»

እጄ ወደ እንቁላሉ ተዘርግቶ ነበር። እውነት ለመናገር ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ መቋቋም ያቃተኝ። ግን መለስኩት። የቆመችው ደክሟት ብቻ አይደለም፣ ሥራ ላይ ናት። በቅርፊቱ ሽፋን ላይ የተዘረጋው ሥር ገና ደም አለው፣ ያንን ደም ወደ ገላዋ እስክትመልስ ድረስ ሰው ቢልጣት ደሟ ይፈሳል። ሌላም አለ። የተረፋትን አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ እያስገባች ነው።

«ስንቋን እያሸገች ነው» አልኳት።

ልጄ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ያዘች፣ እንዳትነካ። እንደዚያ ሆና ቁጭ አለች። ከሰዓት በኋላ ጫጩቷ ዙሪያዋን እየዞረች ቅርፊቱን እንደ ክዳን ቆረጠችውና በእግሯ ገፍታ ወጣች። እርጥብ፣ አንገቷን መሸከም የማትችል፣ ሥዕሉ ላይ ካለችው ቢጫ ኳስ ጋር የማትመሳሰል። «አሟታል?» አለች ልጄ። አላመማትም፣ ልትደርቅ ነው አልኳት። ማታ ላይ ለስላሳ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሰባት ሆኑ። ዶሮዋ ግን አልተነሳችም። ጫጩቶቹ ምግብ አይፈልጉም ወይ ብላ ልጄ ተጨነቀች። አይቸኩላቸውም። ሆዳቸው ውስጥ የገባው አስኳል ለሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ለሦስት ያቆያቸዋል፤ እናትየዋም በዚያ ጊዜ የዘገዩትን ትጠብቃለች። ታላላቆቹ አሁንም ታናናሾቹን እየጠበቁ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዶሮዋ ተነሳች። ሰባቱን አስከትላ ወጣች። ጎጆው ውስጥ 7 ቁጥር ቀረ፣ ወደ ግራ የዞረው።

ለረጅም ሰዓት ጎጆው አጠገብ ሆነን ጠበቅን። በባትሪ አየሁት። ከአየር ክፍሉ በታች ያለው ጥቁር ነው፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ቀዝቅዟል። የልጄን ፊት ሳይ መጀመሪያ ጠዋት መጥበሻው ጋ ያልኩት ዓይነት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ተኝቷል ልላት ነበር።

ይሄን ቃል ለልጅ ባንጠቀምበት እላለሁ። ሞትን እንቅልፍ ነው ያልናት ልጅ ማታ እንድትተኛ ስንነግራት ምን እንደሚሰማት አስቡት።

«ይሄኛው ለምን አልወጣም?»

«ሞቷል» አልኳት። «እንደ 4 ቁጥር አይደለም። ይሄኛው ጀምሮ ነበር፣ ልቡ ይመታ ነበር፣ አንቺም አይተሽዋል። መጨረሻዎቹ ቀኖች ለጫጩት በጣም ከባድ ናቸው፣ አንዳንዱ እዚያ ላይ ይቆማል። እኛ ያጠፋነው ነገር የለም። እናቱም አላጠፋችም።»

አለቀሰች። ተውኳት። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ጓሮው አየች፣ ዶሮዋ ሰባቱን መጫር እያስተማረች ነው። ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «እናቱ ትታው የሄደችው የነሱ ስንቅ ሊያልቅ ስለሆነ ነው?»

ይሄንን አልነገርኳትም። ራሷ ነው የደረሰችበት። አዎ አልኳት፤ ሌላ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም።

ዛፉ ሥር ቀበርነው። ሳምንቱን ለኬጂ ሥዕል ስሪ ተብላ እንደገና ያንን ክብ ሠራች። እንቁላል፣ ጫጩት፣ ዶሮ፣ ቀስቶች። ከክቡ ውጭ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ እንቁላል አለ። ቀስት የለውም።

ጫጩቶቹ በፍጥነት አደጉ። በየሳምንቱ ሙቀት የሚሹበት ጊዜ እያነሰ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ላባ ለበሱና እናታቸው ከራሷ ታባርራቸው ጀመር። ልጄ «ጠላቻቸው» አለች፤ አይደለም፣ ቀጣዩን እንቁላል ልትጀምር ነው። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚበላ ተፋልመው ለዩ። ሦስቱ አውራ ዶሮ ሆነው ተገኙና መዋጋት ሲጀምሩ ሰፊ ጓሮ ላለው ዘመድ ሰጠናቸው። የጎረቤቱም አውራ ዶሮ አጥሩ ከተጠገነ ወዲህ አይመጣም። «ዶሮ ስንት ዓመት ትኖራለች?» ላለችኝ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዷም ከዚያ በላይ አልኳት። በጣቶቿ ቆጠረችና «ቀይዋ ስትሞት እኔ ትልቅ እሆናለሁ» አለች። ትሆናለች።

በስድስተኛው ወር ላይ ከቄቦቹ አንዷ ስታስካካ ሰማን። ከ2 ቁጥር የወጣችው ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ላባ ስላላት እናውቃታለን። ጎጆው ውስጥ አንድ እንቁላል፣ ከእናቷ እንቁላል በጣም የሚያንስ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ልጄ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ገና ትኩስ ነበር።

ምን እናድርገው ስላት ሳህን አምጪ አለችኝ። ነጩን ሳህን። ራሷ ሰበረችው፣ ትንሽ ቅርፊት ገባበት፣ በጣቷ አወጣችው። አስኳሉን በማንኪያ ዞር አድርጋ፣ አፍንጫዋን አስጠግታ፣ ነጥቧን ፈለገች። አገኘቻት። ደግማ አየቻት።

«ቀለበት የላትም» አለች። «ስንቁ ብቻ ነው።»

መጥበሻውን እሳት ላይ ጣድኩት።